ወጥቶ መግባት፤ ስለ አንድ ግስ

የእንግሊዝኛ መምህራን የቋንቋውን ሀብት ሊያሳዩን ሲፈልጉ ብዙውን ጊዜ ከትንንሾቹ ግሶች ይነሣሉ። «ጌት»፣ «ቴክ»፣ «ሴት»፣ «ረን» የመሳሰሉት ሦስትና አራት ፊደል ያላቸው ቃላት የማይገቡበት ቤት የለም። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትሙ «ሴት» ለሚለው ግስ ከ400 የሚበልጡ ፍቺዎችን ሰጥቶ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዘጋጆቹ ክብሩ ወደ «ረን» መተላለፉን፣ ለዚህ ግስ ብቻ 645 ፍቺዎች መቆጠራቸውን ተናገሩ። በእንግሊዝኛ ሰውም ይሮጣል፣ ወንዝም ይሮጣል፣ ሞተርም ይሮጣል፣ ለምርጫ የሚወዳደርም ይሮጣል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫ እንኳ ይሮጣል። ይህን የሰማ የእኛ ተማሪ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቅና ሳያስበው አንድ ፍርድ ይፈርዳል፦ «እነርሱ ሀብታም ናቸው፤ እኛ ግን ድሆች ነን።»

በበኩሌ ይህን ፍርድ አልቀበለውም። እንግሊዝኛን ለማሳነስ ብዬ አይደለም፤ ትልቅ ቋንቋ ነው፣ እንጀራችንንም የምንበላበት ነው። ነገር ግን ብዙ የሚሠራ ግስ ብዙ ትርጉም መሸከሙ የአንድ ሕዝብ ጸጋ ብቻ አይደለም። በአፍ ላይ ረጅም ዘመን የኖረ፣ ከጧት እስከ ማታ የሚሠራ ግስ በየትኛውም ቋንቋ እንዲሁ ነው። ውድ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት መስመሮች ወደ ላይ ተመለስ። «በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው ሁለተኛ እትሙ» ብዬ ጽፌአለሁ። እትሙ ከየት ነው የወጣው? በየትኛው በር? የእንግሊዝኛውን ግስ እያደነቅን ሳለን የራሳችን ግስ በመካከላችን አልፎ ሄደ፤ ያየውም የለም።

እስቲ እንየው። ሰው ከቤት ይወጣል። ተራራ ይወጣል። ፀሐይ ትወጣለች። ሕግ ይወጣል፣ አዋጅ ይወጣል፣ መጽሐፍ ይወጣል፣ የፈተና ውጤት ይወጣል። ዕጣ ይወጣል። ለሕፃን ጥርስ ይወጣል፣ ስምም ይወጣል፤ ስምን ደግሞ መልአክ ያወጣዋል እንላለን። ክረምት ይወጣል፣ ወር ይወጣል። ምሥጢር ይወጣል፤ ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ቀለም ከጨርቅ ይወጣል፣ እሾህ ከእግር ይወጣል፣ ሰው ከዕዳ ይወጣል፣ ከሐዘን ይወጣል፣ ከሃይማኖት ይወጣል፣ ከቃሉም ይወጣል። ገንዘብ ከኪስ ይወጣል፤ የወጣውም «ወጪ» ይባላል። በሬው በገበያ «ስንት ያወጣል?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥሩ ልጅ ያሳደገ ቤት «ሰው የወጣበት ቤት» ይባላል። በመጨረሻም ነፍስ ትወጣለች።

ከዚህም በላይ ግሱ ትንንሽ ተቀጽላዎችን ሲይዝ ዕጣ ፈንታን ይለውጣል። ለአንድ ሰው ስም ከወጣለት ተወልዶ ተሰይሟል፤ ስም ከወጣበት ግን በአገር አፍ ገብቶ ተዋርዷል። በ«ለት» እና በ«በት» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ የሰው ክብር ግን በእርስዋ ላይ ቆሟል። «ወጣ» ስንል መንቀሳቀስ ነው፤ «ተወጣ» ስንል ግን አደራን መፈጸም ነው፦ ግዴታውን ተወጣ፣ ተልእኮውን ተወጣ። በቁጭት የኖረ ሰውም እልሁን ይወጣል። ከሌላ ቃል ጋር ሲጣመር ደግሞ ሌላ ዓለም ይከፍታል። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፤ ከተለመደው የተለየ ነገር ወጣ ያለ ነው፤ የደከመ ሰው ብዙ ወጥቶ ወርዷል፤ መንገደኛው ወጪ ወራጅ ነው፤ ወታደሩ ወጥቶ አደር ነው። እነዚህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለመግለጥ አንድ ግስ አይበቃም፤ ደርዘን ያህል ግሶች ተሰልፈው መምጣት አለባቸው። ታዲያ ሀብታሙ ማን ነው? እኔ ግን ሁለቱም ናቸው ባይ ነኝ። እያንዳንዱ ሀብቱን በሌላ ሣጥን አስቀምጧል።

ስለዚህ ትርጉም መቁጠሩ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር አይደለም። ትልቁ ቁም ነገር አንድ ቋንቋ ምንን ከምን ጋር አስተሳሰረ የሚለው ነው። ግዕዝ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይጠራ ነበር። ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ «ወፅአ» ነው፤ እስራኤል ከግብፅ የወጡበት መጽሐፍ «ኦሪት ዘፀአት» መባሉ ከዚህ ነው። ከታች ወደ ላይ መሄድ ግን «ዐርገ» ነው፤ የዕርገት በዓላችን ስሙን ከዚያ አገኘ። ትግርኛም ዛሬ ድረስ «ወጸ» እና «ደየበ» ብሎ ይለያቸዋል። አማርኛ ግን ሁለቱን በአንድ ግስ ጠቀለላቸው፦ ከቤትም ወጣ፣ ከተራራም ላይ ወጣ። አፋን ኦሮሞ «ባኤ» በሚለው ግስ ይህንኑ ያደርጋል፤ ከቤት መውጣቱም፣ ጋራ መውጣቱም፣ የፀሐይ መውጣትም በእርሱ ይነገራል። አማርኛ ስሩን ከግዕዝ ዘመዶቹ ጋር ይጋራል፤ የአስተሳሰብ መንገዱን ደግሞ ከጎረቤቱ ከኦሮምኛ ጋር ይጋራል። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ለዘመናት በገበያና በጋብቻ በተገናኙበት በራያ ምድር ለሚኖር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው የዚህን ግስ ጥቅልነት በእግሩ ያውቀዋል። የቆቦ ሜዳ በተራራ የተከበበ ሳሕን ይመስላል። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመዋል፤ በደቡብ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድም ከፍታ ይጠብቀዋል። በዚህ ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው ከአገሩ መውጣት ማለት ባመዛኙ ዳገት መውጣት ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በመዝገበ ቃላት ሁለት ተራ ቁጥር ቢሰጣቸውም በእግር ላይ አንድ ናቸው። በተቃራኒው ጎርፉ ይወርዳል። በሆርማትና በጎሊና በኩል ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ማሽላውንና ጤፉን የሚያጠጣ ገበሬ፣ የእርሻው አፈር ከላይ ወርዶ የመጣ መሆኑን ያውቃል። ሰው ይወጣል፤ ውሃና አፈር ይወርዳሉ። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ጉድጓድ ካስቆፈረ ወዲህ ደግሞ ውሃው ራሱ ከምድር ሥር መውጣት ጀመረ። «ውሃ ወጣ!» የሚለው አዋጅ በዚያ ሜዳ ላይ ምን ያህል ትልቅ ዜና እንደሆነ ለከተማ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ክርክሬ ልምጣ። እንዲህ ያለ ግስ እያለን በየዕለቱ ከሥራ ስናሰናብተው እያየሁ ነው። ውሎዬ የባንክ መስኮት ነውና ምሳሌዬን ከዚያው ልውሰድ። ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ደብተራቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ትንሽ ብር ላወጣ ነበር» ይላሉ። ከእርሳቸው ቀጥሎ የቆመው ወጣት «ዊዝድሮው ላድርግ» ይላል። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው። አዛውንቱ የተጠቀሙበት ግስ ግን ከእርሳቸው በፊት በነበሩት አባቶች አፍ ላይ የኖረ፣ ከ«ወጪ»፣ ከ«ማውጫ»፣ ከ«ውጤት» ጋር ቤተ ዘመድ የሆነ ቃል ነው። ወጣቱ የተጠቀመበት የእንግሊዝኛ ቃል ዘመድ የለውም፤ ብቻውን መቆም ስለማይችልም «ማድረግ» የሚባል ምርኩዝ ተሰጥቶታል። እንዲሁ «ፖስት አደረገ»፣ «ሴቭ አደረገ»፣ «ቼክ አደረገ» እንላለን። «አደረገ» የእንግሊዝኛ ግሶች ሁሉ ተሸካሚ ሆኖ ጀርባው ሊጎብጥ ነው።

የተውሶ ቃል ጠላት አይደለሁም። «ባንክ»፣ «ቼክ»፣ «ፓስፖርት» ነገሩ ከስሙ ጋር ስለመጣ በክብር እንግድነት ይግቡ፤ እንግዳ መቀበል ያገራችን ልማድ ነው። ስም መዋስ ግን አንድ ነገር ነው፤ ግስ መዋስ ሌላ ነው። ስም ዕቃ ነውና ከገበያ ይገዛል። ግስ ግን ቤት ውስጥ የምንንቀሳቀስበት እግር ነው። ያለንን እግር ትተን በምርኩዝ መሄድን ሥልጣኔ ማለት ለእኔ አይገባኝም።

እዚህ ላይ ተከራካሪ አንባቢ የሚያነሣው ጥሩ ጥያቄ አለ። «አንድ ቃል ይህን ሁሉ ከተሸከመ አያደናግርም ወይ? ሒሳብና ሕግ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ፤ ‹ገንዘቡ ወጣ› ቢባል ከሒሳብ ተከፈለ ማለት ነው፣ ለሥራ ዋለ ማለት ነው፣ ወይስ ከተደበቀበት ተገኘ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከቃሉ ዙሪያ ይገኛል። ከሒሳብ ወጣ፣ ለግንባታ ወጣ፣ ከጉድጓድ ወጣ ስንል «ከ» እና «ለ» ሥራቸውን ሠርተዋል። እንግሊዝኛም «ረን»ን ከ645 ፍቺዎች ጋር ይዞ ሲኖር ባንኮቹና ፍርድ ቤቶቹ አልተዘጉም። ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ ላይ ጥንቁቅ ዐረፍተ ነገር እንጻፍ፤ ቃሉን ግን ስለ እኛ ስንፍና አንቅጣው።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ነገር ግን ይህ ግስ በእኛ አካባቢ የብዙ ቤቶችን ታሪክ ተሸክሟል። በ1966 እና በ1977 የርሃብ ዘመናት የወሎ ሕዝብ ከየቀዬው ወደ መኪና መንገድ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ደግሞ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ወጣ። «ልጅሽ የት ናት?» ለሚል ጥያቄ «ወጥታለች» የሚለው መልስ ይበቃል፤ የት እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺሕ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ «ተመላሾች» ተባሉ። ትክክል ነው፤ ተመልሰዋል። መንደሩ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው፦ ወጥተው የነበሩት ሁሉ ገቡ ወይ?

ጦርነቱም መጣ። ሐምሌ 2013 ላይ የትግራይ ኃይሎች ቆቦን ያዙ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን 4 ቀን በቆቦ ሲቪሎች በእነዚሁ ኃይሎች እጅ መገደላቸውን ሂውማን ራይትስ ዎችና አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግበውታል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ጦርነቱ በዚያው አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ፤ ከቀናት በኋላም መንግሥት ሠራዊቱ ከቆቦ ከተማ መውጣቱን አስታወቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ዓመታት «ወጡ» እና «ገቡ» የሚሉት ሁለት ግሶች የሚያደርጉት ሰው ሳይጠቀስ እንኳ ይሰሙ ነበር። «ገቡ» ሲባል ሕዝቡ ይወጣል፤ «ወጡ» ሲባል ሕዝቡ ይገባል። ሰዋስው እንዲህ ያለ ጭካኔ ሊሸከም እንደሚችል መጽሐፍ አላስተማረንም።

ከዚህ ዘመን በኋላ «ወጥቶ መግባት» የሚለው ሐረግ ለዛ ያለው ምርቃት መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ሁሉ መለኪያ ሆነ። አረጋውያኑ ሲመርቁ «ወጥታችሁ ግቡ» ይላሉ። ሀብት አልመረቁም፣ ሹመት አልመረቁም። መዝሙረ ዳዊትም የሰውን መውጣትና መግባት አንድ ላይ አድርጎ ለፈጣሪ ጥበቃ ይሰጣል፤ አባቶች ይህን ያውቃሉ። ሰላም የሚለውን ቃል ፖለቲከኞች ብዙ ስላሸሹት ሕዝቡ ሌላ ስም አወጣለት፤ ያም ስም ከእነዚህ ሁለት ተራ ግሶች የተሠራ ነው። ጀምበር እንኳ በአማርኛ ወጥታ ትገባለች። ለሰው የሚለመነው ለጀምበር የተሰጠውን ያህል ብቻ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ «ወጥቶ ቀረ» ነው። ይህን ሐረግ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ይቸገራል። «ሞተ» ማለት አይደለም፤ አስከሬን የለም፣ መቃብር የለም፣ ተዝካር የሚቆጠርበት ቀን የለም። «ጠፋ» ማለትም አይደለም፤ ጠፋ ሲባል ጥፋቱ ከጠፊው የመጣ ይመስላል። «ወጥቶ ቀረ» የሚለው የሁለቱ መካከል ነው፦ መውጣቱን አይተናል፣ መግባቱን አላየንም፣ ከዚህ የበለጠ አንመሰክርም። ታማኝ ምስክርነት ማለት ይህ ነው። እናት በዚህ ግስ ውስጥ ልጅዋን ሳትቀብር ታኖረዋለች።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ ሁኔታ ቃል አለው። አንድ ሰው ወሬው ሳይሰማ 2 ዓመት ካለፈው፣ ጉዳዩ የሚያገባው ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ የመጥፋት ውሳኔ ሊያሰጥ እንደሚችል በአንቀጽ 154 ተደንግጓል። ድንጋጌው አስፈላጊ ነው፤ የቀሩት ልጆች መብላት አለባቸው፣ በሒሳብ ያለው ገንዘብም ያለ ውክልናና ያለ ወራሽነት ማስረጃ አይወጣም። ነገር ግን በመስኮቱ ወዲያ ማዶ የቆመች እናት «ልጅሽ ሞቷል ወይስ ጠፍቷል?» ተብላ ስትጠየቅ የምትመልሰው በቅጹ ላይ የሌለውን ሦስተኛ ቃል ነው፦ «ወጥቶ ቀረ።» ገንዘቡን ለማውጣት ልጅዋን በቃል መግደል ወይም በቃል ማጥፋት አለባት። ብዙ እናቶች ገንዘቡን ትተው መሄድን እንደሚመርጡ በመስኮት ማዶ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። አንድ ግስ ይህን ያህል ዋጋ ያወጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። መምህራን የእንግሊዝኛውን «ጌት» ሲያስተምሩ በማግስቱ «ወጣ»ን፣ «ገባ»ን፣ «ያዘ»ን፣ «በላ»ን ያስተምሩልን፤ ተማሪው የሚያወዳድርበት ሚዛን ይኑረው። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ደግሞ ሥራቸውን ያድሱ። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል መዝገበ ቃላት በ1951፣ የደስታ ተክለ ወልድ በ1962፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ለእነዚህ ሊቃውንት ምስጋናችን ትልቅ ነው። ሦስቱም ግን ከ2013 በፊት የወጡ ናቸውና ያ ዘመን በግሶቻችን ላይ የጨመረውን ክብደት ሊይዙ አይችሉም። የሰውን ቃል የሚመዘግቡ ጋዜጠኞችና አጥኚዎችም «ወጥቶ ቀረ» ያለችውን እናት «ልጅዋ መሞቱን ገለጸች» ብለው እንዳይጽፉባት እለምናለሁ። አልገለጸችም።

የግጥም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ቦታ ስለ ግስ ጽፎ ያለ ስንኝ መሰናበት ነውር ይመስለኛልና እነሆ አራት መስመር፦

ክረምት ወጣ ብለን መስከረም ሲጠባ፣
ጀምበር ወጥታ ውላ በምሽት ስትገባ፣
ልጅ ወጥቶ የቀረ አንድ ቤት አለና፣
በሩን አትዝጉባት፤ እናት አለች ገና።

የኦክስፎርድ አዘጋጆች «ረን»ን ሲቆጥሩ 645 ደረሱ። «ወጣ»ን የሚቆጥር ሊቅ ሲገኝ ስንት እንደሚደርስ ለማየት እጓጓለሁ። ለቆጣሪው አንድ አደራ አለኝ፦ ከ«ተራራ ወጣ» እና ከ«ፀሐይ ወጣች» ቀጥሎ «ወጥቶ ቀረ» ለሚለው የብቻው ተራ ቁጥር ይስጠው፤ ትርጉሙንም በጥንቃቄ ይጻፍ፤ ቃሉን ጠብቀው የያዙት እናቶች ያነቡት ይሆናልና።

ወጥታችሁ ግቡ።